ሸለቆውን ቁጠሪ እንጂ ኪሎሜትሩን አትቁጠሪ፦ በኮርሳ ሳይክል ኖርዝ ዮርክ ሙርስን ለማቋረጥ

ጥያቄው፦ «ዮርክ ከተማ ነው የምኖረው። እሁድ እሁድ በከተማዋ ዙሪያ ባለው ሜዳ ከ80 እስከ 100 ኪሎሜትር በኮርሳ እነዳለሁ። በዚህ ሰመር ከጓደኛዬ ጋር ወደ ኖርዝ ዮርክ ሙርስ ሄደን ሙሩን፣ ሸለቆውንና ባሕሩን በአንድ ጉዞ ማየት እንፈልጋለን። የስልኬ ካርታ ከሄልምስሊ ተነስቶ በሮዝዴል በኩል እስከ ዊትቢ 60 ኪሎሜትር ያህል መንገድ አወጣልኝ። 60 ኪሎሜትር ለእኔ ቀላል ነው። አንድ የማውቀው ሰው ግን ‹በዚያ በኩል ብትሄዱ ታለቅሳላችሁ› አለኝ። እውነቱን ነው? ሳይክሌ ከፊት 50 እና 34 ጥርስ፣ ከኋላ ከ11 እስከ 28 ጥርስ ነው። ጎማው 25 ሚሊሜትር ነው። በየት በኩል ብንሄድ ይመክሩናል?»

እህቴ፣ ሰውየው አላጋነነም። የጉልበት ችግር የለብሽም፤ ሜዳ ላይ 100 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው ጉልበት አለው። ችግሩ ያለው ካርታው ባወጣልሽ መስመር ላይ ነው። በዚያ አካባቢ የመንገድን ክብደት ኪሎሜትር አይነግርሽም። የሚነግርሽ ስንት ሸለቆ እንደምታቋርጪ ነው። ምክንያቱን ትንሽ ላብራራ፤ ይህ ከገባሽ ሌላውን መስመር ሁሉ ራስሽ ማውጣት ትችያለሽ።

ኖርዝ ዮርክ ሙርስ በሰሜን እንግሊዝ ያለ፣ 1,436 ካሬ ኪሎሜትር የሚሸፍን ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርክ የሆነው በ1952 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መሃሉ ዛፍ የሌለው ገላጣ ከፍታ ነው፤ ሙር የሚሉት እሱን ነው። የሚያለብሰው ሄዘር የሚባል ዝቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው፤ ከአገራችን አስታ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ከፍታው ብዙ አያስፈራም። መንገዱ በጣም ከፍ ባለበት ቦታ እንኳ ከባሕር ወለል 400 ሜትርን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ግን ይህን ገላጣ መሬት ወንዞች ቆራርጠውታል። ከመሃሉ ወደ ደቡብ ብራንስዴል፣ ፋርንዴልና ሮዝዴል ይወርዳሉ። ወደ ሰሜን ደግሞ ዌስተርዴል፣ ዳንቢ ዴል፣ ሁለቱ ፍራያፖችና ግሌዝዴል ወደ ኤስክ ወንዝ ይወርዳሉ። ሸለቆዎቹ ባመዛኙ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ ናቸው። በመካከላቸው ያሉት ሸንተረሮችም እንዲሁ።

ስለዚህ አንድ ሸንተረር ይዘሽ ወደ ሰሜን ከሄድሽ አንዴ ትወጫለሽ። ከዚያ ለረጅም ሰዓት ላይ ነሽ። መጨረሻ ላይ አንዴ ትወርጃለሽ። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ካቋረጥሽ ግን እያንዳንዱ ሸለቆ ትንሽ ዓባይ በረሃ ይሆንብሻል፦ ቁልቁል እስከ ታች፣ ድልድይ፣ ከዚያ ያንኑ ከፍታ እንደገና መቧጠጥ። ልዩነቱ የዓባይ መንገድ በጥምዝ በጥምዝ መውጣቱ ነው። እዚህ ያሉት መንገዶች የድሮ የጋሪና የእግር መንገዶች ናቸው። ጥምዝ ብዙም አያውቁም፤ ቀጥ ብለው ነው የሚወጡት። ለዚህ ነው 25 እና 30 ከመቶ ዳገት፣ ማለትም በየ100 ሜትሩ 25 ወይም 30 ሜትር የሚወጣ፣ በየመንደሩ የምታገኚው።

አሁን ወደ ካርታሽ እንምጣ። ከሄልምስሊ በሃተን ለ ሆል አድርጎ ወደ ሮዝዴል አቢ የሚወስድሽ መንገድ ቺምኒ ባንክን ያወርድሻል። ቺምኒ ባንክ በእንግሊዝ ካሉት የአስፋልት መንገዶች በጣም ቀጥ ካሉት አንዱ ነው። ርዝመቱ 1.4 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ገደል የሚመስለው ክፍል 33 ከመቶ ይደርሳል። ስሙን ያገኘው እላዩ ላይ ከነበረው የብረት ማዕድን ማውጫ ጭስ ማውጫ ነው፤ ጭስ ማውጫው በ1972 ፈርሷል።  አንቺ ደግሞ የምትሄጂው ወደ ታች ነው። ብዙ ሰው መውረድ ይሻላል ብሎ ያስባል። እኔ በዚህ አልስማማም። 33 ከመቶ ቁልቁለት ላይ ክብደትሽ ሁሉ ወደ መሪው ይመጣል፤ የኋላ ጎማው መያዝ ያቅተዋል፤ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተይዞ ነው የምትወርጂው። ፍሬንሽ ቸርኬውን ራሱን የሚይዝ ዓይነት ከሆነና ቸርኬው ካርቦን ከሆነ፣ በዚያ ሙቀት መጫወት አልመክርም። ዝናብ ካለ ጨርሶ አይታሰብም። ከሮዝዴል ወደ ኤግተን ለመውጣት ደግሞ ወዲያው ሌላ ቀጥ ያለ ዳገት ይጠብቅሻል። ከዚያ የኤስክን ሸለቆ ወርደሽ ትወጫለሽ። 60 ኪሎሜትሩ እንዲህ ያለ 60 ኪሎሜትር ነው።

ሌላ መስመር ከማውጣታችን በፊት ስለ ማርሽሽ እንነጋገር፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። ከፊት 34፣ ከኋላ 28 ስታስገቢ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 1.2 ጊዜ ያህል ይዞራል። በደቂቃ 60 ዙር ብትረግጪ ፍጥነትሽ በሰዓት 9 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን 20 ከመቶ ዳገት ላይ በዚህ ፍጥነት ለመሄድ፣ አንቺና ሳይክሉ ከነውኃው 75 ኪሎ ብትመዝኑ፣ 370 ዋት ያህል ይጠይቅሻል። 30 ከመቶ ላይ 540 ዋት ይሆናል። የነፋሱና የጎማው ሰበቃ ገና አልተጨመረም። ጎበዝ የሚባል አማተር ለአንድ ሰዓት የሚዘልቅበት ኃይል ከ250 እስከ 300 ዋት ቢሆን ነው። ስለዚህ ወይ ከዚያ በዝግታ ትረግጫለሽ፣ ያኔ ጉልበትሽ መገጣጠሚያው ላይ ይጎዳል፣ ወይ ትቆሚያለሽ።

መፍትሔው ከኋላ እስከ 34 ጥርስ ያለው ማርሽ ማስገባት ነው። 34 በ34 ሲሆን 20 ከመቶው ወደ 300 ዋት፣ 30 ከመቶው ወደ 445 ዋት ይወርዳል። ከፊት 30 ጥርስ ያለው ቢገኝ ደግሞ 265 እና 390 ይሆናል። አጭር ዳገት ላይ ይህ ልዩነት በመንዳትና በመግፋት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ማርሹን ከመግዛትሽ በፊት ሜካኒኩ የኋላው ማርሽ ቀያሪ 34 ጥርስ መሸከሙን ያረጋግጥልሽ። አንዳንዱ አጭር ክንድ ስለሆነ አይችልም። ካቴናውም ሳይረዝም አይቀርም። ጎማውን ደግሞ ፍሬምሽ የሚፈቅድልሽን ያህል ወፍራም አድርጊው። 28 ጥሩ ነው፤ 30 ወይም 32 ከገባ እሰየው። ለምን እንደሆነ የባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ስንደርስ ታያለሽ።

መስመሩ እንግዲህ ይኸውና። ሦስት ቀን ስጡት። በባቡር ማልተን ውረዱ፤ ከዮርክ ቅርብ ነው። መጨረሻችሁ ስካርቦሮ ነው፤ ከዚያም በዚያው የባቡር መስመር ወደ ዮርክ መመለስ ነው። ክብ መንገድ አይደለም። ይህን ያደረግሁት በነፋሱ ምክንያት ነው። በዚህ አገር ነፋስ ብዙውን ጊዜ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ነው የሚነሳው። መስመሩ መጀመሪያ ወደ ሰሜን፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ በባሕሩ ዳር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄዳል። በተለመደው ቀን ነፋሱ ከጎንሽ ወይም ከኋላሽ ነው። ገላጣው ሙር ላይ ነፋስ የሚከልል ነገር የለም። ከፊት ከመጣብሽ ሜዳ ላይ በሰዓት 28 ኪሎሜትር የምትሄጂበት ጉልበት 15 ብቻ ይሰጥሻል።

የመጀመሪያው ቀን ከማልተን ወደ ከርክቢሙርሳይድ በሚወስደው ሜዳ ይጀምራል። የፒከሪንግ ሜዳ ይባላል፤ በበረዶ ዘመን ሐይቅ የነበረ ቦታ ነው። ዝርግ ነው፣ በእርሻ መካከል የሚሄዱ ጸጥ ያሉ ጠባብ መንገዶች አሉት። የለመድሽው ዓይነት ነው፤ ብዙ አልልበትም። ከርክቢሙርሳይድ ላይ ኤይ 170 የሚባለውን ዋና መንገድ ብቻ ተሻገሪ፣ አትንጂበት። ከዚያ ሃተን ለ ሆል ትደርሻለሽ። መንደሩ መሃል ጅረት ያልፋል፣ በጎች ሣሩ ላይ እንደ ቤታቸው ይተኛሉ። እዚህ ውኃ ሙሉ፣ ምሳ ብሉ።

ከሃተን ለ ሆል ወደ ሰሜን የሚወጣው የብሌኪ ሸንተረር መንገድ የጉዞው ልብ ነው። በቀኝሽ ሮዝዴል፣ በግራሽ ፋርንዴል፣ አንቺ በመካከል። ዳገቱ 10 ኪሎሜትር በሚያህል ርቀት ላይ የተዘረጋ ስለሆነ ቀስ እያለ ነው ከፍ የሚያደርግሽ። እዚህ ላይ ነው የሸንተረር ጥቅም የሚገባሽ። ሮዝዴል ታች ወርዶ 33 ከመቶ ከሚወጣው ሰው ጋር የምትደርሺው ተመሳሳይ ከፍታ ላይ ነው፤ ግን አንቺ እያወራሽ ትደርሻለሽ። ላይ ላዩን የላየን ኢን የሚባለው የቆየ መጠጥ ቤት ብቻውን ቆሞ ታገኚዋለሽ። ከ400 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። ሻይ የሚጠጣበት፣ ዝናብ የሚያሳልፉበት ሌላ ቦታ በዙሪያው ስለሌለ አትለፉት። ከመንገዱ በስተቀኝ የሮዝዴልን ጫፍ ዙሮ የሚሄድ ደረጃ የመሰለ መስመር ይታያል። የብረት ማዕድኑ ባቡር ይሄድበት የነበረ ነው፤ በ1929 ተዘግቷል።

ትንሽ አለፍ ብሎ ያንግ ራልፍ የሚባለው የድንጋይ መስቀል አለ፤ የፓርኩ ዓርማ እሱ ነው። ከዚያ የካስልተን ሸንተረርን ይዘሽ ወደ ኤስክ ሸለቆ ትወርጃለሽ። ካስልተን ወይም ዳንቢ ላይ እደሩ። በድምሩ 50 ኪሎሜትር ቢሆን ነው። አነሰ እንዳትዪ። የአንድ ቀን ጉዞሽን እስከ ዊትቢ ካራዘምሽው ከባዱን ክፍል በደከመ እግር ነው የምታገኚው።

ሁለተኛው ቀን የኤስክ ሸለቆ ነው። ሸለቆ ሲባል ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ለስላሳ መንገድ ይመስላል። አይደለም። ወንዙን የሚከተለው ባቡሩ ነው። የመኪናው መንገድ ከመንደር ወደ መንደር ሲሄድ ዳሩን እየወጣ እየወረደ ነው። ሊልሆምን አልፈሽ ግሌዝዴል ስትደርሺ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ቀስት የመሰለ የድንጋይ ድልድይ አለ። የለማኙ ድልድይ ይሉታል፤ 1619 የሚል ዓመት ተቀርጾበታል። በአካባቢው የሚነገረው፣ አንድ ድሃ ወጣት ወንዙ ሞልቶበት የሚወዳትን ልጅ ሳይሰናበት ሄደ፣ ኋላ ሀብታም ሆኖ ተመልሶ ድልድዩን አሠራ ይላል። እዚያ ትንሽ ዐረፍ በሉ። ቀጥሎ ያለው ሊምበር ሂል ነውና።

ሊምበር ሂል አጭር ነው፣ ግን 33 ከመቶ ይደርሳል። እዚህ ላይ ሳይክል መግፋት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። መንዳት ከፈለግሽ ደግሞ ሁለት ነገር አስቢ። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት በጣም ቀላሉ ማርሽ ይግባ፤ መሃል ላይ ስትቀይሪ ካቴና ይወድቃል ወይም ይበጠሳል። ከኮርቻው ተነስተሽ አትቁሚ፤ ቀና ብለሽ ከቆምሽ የኋላ ጎማ ይንሸራተታል፣ ወደ ኋላ ከተደገፍሽ ደግሞ የፊቱ ይነሳል። ኮርቻው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሽ ደረትሽን ወደ መሪው አስጠጊ። ከላይ ኤግተን ነው። ከኤግተን ወደ ግሮሞንት ወርዶ ወደ ስላይትስ መሻገር ይቻላል፣ ግን ከግሮሞንት የሚወጣው ዳገት እንደገና ቀጥ ያለ ነው፤ ከዚያም ብሉ ባንክ የሚባለው 20 ከመቶ ቁልቁለት ከከባድ መኪና ጋር ነው። እኔ ብሆን ከኤግተን በሰሜን በኩል ወጥቼ፣ ኤይ 171ን ለአጭር ርቀት ነክቼ፣ በአይዝላቢ መንደር በኩል ወደ ዊትቢ እወርዳለሁ።

ዝናብ ከጣለ ወይም እግር እምቢ ካለ የኤስክ ሸለቆ ባቡር አለ። ከሚድልስብሮ ተነስቶ ዊትቢ ይደርሳል፤ ካስልተን፣ ዳንቢ፣ ሊልሆም፣ ግሌዝዴል፣ ኤግተንና ግሮሞንት ላይ ይቆማል። በዚያ ሸለቆ ሁሌም የጣቢያ ርቀት ላይ ነሽ ማለት ነው። በቀን ጥቂት ባቡር ብቻ ስለሆነ ግን ሰዓቱን ከመነሳታችሁ በፊት በወረቀት ጻፉት። ሸለቆው ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ይጠፋል።

ዊትቢ ላይ ሳይክሉን አስቀምጣችሁ 199 ደረጃውን በእግር ውጡ። ላይ ያለው የገዳም ፍራሽ ነው። በ657 የተመሠረተው ገዳም እዚህ ነበር፤ በ664 የፋሲካ ቀን በየትኛው ስሌት ይውጣ የሚለውን ለመወሰን ትልቅ ጉባኤ የተደረገውም እዚሁ ነው። ስለ ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቅ አበሻ ይህ ቦታ የተለየ ትርጉም አለው።

ሦስተኛው ቀን ባሕሩ ነው። የባሕር ዳር መንገድ ዝርግ ነው ብለሽ አትጠብቂ። ባሕሩ ዳር ገደል ነው። ገደሉን ትናንሽ ወንዞች ሰንጥቀውታል፤ የዓሣ አጥማጅ መንደሮቹም የተሠሩት በስንጣቂው ታች ነው። ስቴይዝ፣ ራንስዊክ ቤይ፣ ሮቢን ሁድስ ቤይ ሁሉም እንዲህ ናቸው። ወደ እያንዳንዱ ወርደሽ በዚያው መንገድ ትወጫለሽ። እንዲያውም ሮቢን ሁድስ ቤይ ውስጥ ሳይክሉን ላይ ቆልፈሽ በእግር ውረጂ። መንገዱ 30 ከመቶ ያህል ነው፣ ሰው ይሞላዋል።

ከዊትቢ ወደ ደቡብ ያለው ዋና መንገድ ኤይ 171 ነው። መኪና ይበዛዋል፣ ይፈጥናልም። ስለዚህ ሲንደር ትራክ የሚባለውን እመክራለሁ። በ1965 የተዘጋው የዊትቢና የስካርቦሮ ባቡር መስመር ነው፤ 35 ኪሎሜትር ያህል ነው። መጀመሪያው ላይ የኤስክን ወንዝ በላርፑል ድልድይ፣ በ13 ቅስት የጡብ ድልድይ ላይ ያሻግርሻል። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይችል በጣም ከባዱ ክፍል በየ39 ሜትሩ 1 ሜትር ነው የሚወጣው። ከ3 ከመቶ በታች ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ዳገት በኋላ እግርሽ ይህን ያመሰግናል። ችግሩ አስፋልት አለመሆኑ ነው። ጠጠር፣ አመድና ጭቃ ነው፣ ቦታ ቦታ ላይ የዛፍ ሥርና ጉድጓድ አለው። 25 ሚሊሜትር ጎማ ይዘሽ አትግቢበት። 32 ካለሽና ደረቅ ቀን ከሆነ በዝግታ ትሄጃለሽ። ወፍራም ጎማ ካልገባልሽ ደግሞ ከገዳሙ ጎን በሚወጣው ጠባብ መንገድ በሆውስከር አድርገሽ ሮቢን ሁድስ ቤይን አይተሽ ወደ ዊትቢ ተመለሺ፤ ጉዞውንም እዚያ በባቡር ዝጊው። ትራኩን የያዘ ሰው ሬቨንስካር ላይ ይቁም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ትልቅ የመዝናኛ ከተማ ሊሠሩበት መንገዶቹን ቀየሱ፣ ከተማው ግን ሳይመጣ ቀረ። ከገደሉ አፋፍ ወደ ኋላ ስትመለከቺ የባሕሩ ወሽመጥ በሙሉ ይታያል።

ስለ መንገዱ አደጋ ጥቂት ነገር። ሙሩ ላይ አጥር የለም፣ በጎች አስፋልቱ ላይ ይተኛሉ። በግ ራሷ ብዙ አታስቸግርም። አደገኛው እናት በአንድ በኩል፣ ግልገል በሌላ በኩል ሲሆኑ ነው። ግልገሉ ወደ እናቱ ይሮጣል፣ ያውም አንቺ ልትደርሺ ስትዪ። እንዲህ ካየሽ ሳታመነቺ ፍሬን ያዢ። ከብት እንዳይሻገር መንገዱ ላይ የተቀበሩ የብረት ፍርግርጎች አሉ፤ በእርጥብ ቀን እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ። ሳትጠመዝዢና ፍሬን ሳትይዢ፣ ቀጥ ብለሽ፣ ከኮርቻው ትንሽ ተነስተሽ እለፊያቸው። በጠባቡ የሸለቆ መንገድ ላይ ጅረት አስፋልቱን የሚያቋርጥባቸው ቦታዎችም አሉ። ታቹ አረንጓዴ አተላ ይዟል፤ ወርደሽ በእግረኛ ድልድዩ ተሻገሪ።

በመኪና በኩል ደግሞ፣ በ2022 የተሻሻለው የመንገድ ደንብ መኪና ሳይክልን ሲያልፍ፣ እስከ 30 ማይል ፍጥነት፣ ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ ይላል። ጸጥ ባለ መንገድ ላይ መሃል ይዞ መንዳትም ይፈቅዳል። ጠባብ መታጠፊያ ላይ መሃሉን ያዢ፤ ዳር ከያዝሽ ቦታ በሌለበት ሊያልፍሽ ይሞክራል።

ጊዜውን በተመለከተ ነሐሴን ምረጡ። ሄዘሩ የሚያብበው ያኔ ነው፣ ሙሩ በሙሉ ሐምራዊ ይሆናል። በሰኔ መሄድም ያምራል፣ ብርሃኑ ረጅም ነው፤ ግን ከሰሜን ባሕር የሚነሳው ጉም ያኔ ይበዛል። ሞቃት አየር ቀዝቃዛው ባሕር ላይ ሲያልፍ ይፈጠርና የምሥራቅ ነፋስ ወደ የብስ ይገፋዋል። ብሌኪ ላይ ፀሐይ ሆኖ ዊትቢ ላይ መቶ ሜትር አይታይም። ስለዚህ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት በቀንም ቢሆን ይኑራችሁ፤ ነፋስ መከላከያ ጃኬትም እንዲሁ።

ሌላ መስመር ራስሽ ማውጣት ከፈለግሽ የኦርድናንስ ሰርቬይን ካርታ ግዢ። ኦኤል 26 ምዕራቡን፣ ኦኤል 27 ምሥራቁን ይዟል። መንገዱ ላይ ትናንሽ ቀስቶች ታያለሽ። አንድ ቀስት ከ14 እስከ 20 ከመቶ ነው፣ ሁለት ቀስት ከ20 በላይ ነው፤ ጫፋቸው ወደ ቁልቁለቱ ያመለክታል። በጣትሽ መስመሩን ተከተይና ስንት ሰማያዊ ወንዝ እንደምትሻገሪ፣ ስንት ድርብ ቀስት ወደ አንቺ እንደሚያመለክት ቁጠሪ። ድርብ ቀስቱ በቀን ከሦስት ካለፈ ሌላ መስመር ፈልጊ።

ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ምሽት የነፋሱን ትንበያ እዩ። ከምሥራቅ የሚነፍስ ከሆነና ለሦስት ቀን የሚቆይ ከሆነ መስመሩን ገልብጡት፦ በባቡር ስካርቦሮ ወርዳችሁ ከባሕሩ ጀምሩ፣ ብሌኪን ከካስልተን በኩል ውጡ። ከዚያ በኩል መጀመሪያው ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ሸንተረሩ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ግን እስከ ሃተን ለ ሆል ድረስ ባብዛኛው ቁልቁል ነው።